ተኳሹና የዲናሞው ብሎን

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ልብስ አጣፊ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። እጄ የለመደው አንሶላ እንጂ ብዕር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩትም ካደግኩ በኋላ፣ ያውም እየተሸማቀቅኩ ነው። አንዳንዱን ቃል ጽፌ መልሼ ሳየው የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኛል። ነገር ግን ይህችን ወሬ በሆዴ ይዤ ልብስ ሳጥፍ እጅጌው ከኮሌታው እየተምታታብኝ ስለተቸገርኩ ደፈርኩ። የተጣመመ ካለ አንባቢ በልቡ አቃንቶ ያንብብልኝ። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ አልልም፤ ወሬው የእሱ ነው።

እሱ ማለት ተኳሹ ነው። ተኳሽ ስል ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ካውያ ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ እኔ ከማጥፍበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆሞ ሸሚዝ ይተኩሳል። ሰፈሩ “ዝንብ ገድሎ የማያውቅ ተኳሽ” እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋል። አፉ ቁጥብ ነው። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለሚቆም ይሁን እንጃ፣ ሲያዩት ግማሹ እዚህ ግማሹ ሌላ ቦታ ያለ ይመስላል። ከኮሌታው ይጀምርና እጅጌው ላይ ሲደርስ ዓይኑ በመስኮቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ እጁ ግን አይሳሳትም። የማወራችሁን ሁሉ በጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ቁራጭ በቁራጭ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ሰብስቤ አጣጠፍኩት እንጂ የጨመርኩት የለም።

በሚኖርበት ግቢ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች። ባለቤቷ የሚስቱ አባት ነበሩ፤ አናጺ። አናጺ መኪና ሲኖረው ምን እንደሚሆን ያላየ ሰው እሷን ቢያያት ይገባዋል። የተሰበረውን ሁሉ በእንጨት ነበር የሚተኩት። የማርሹ ጭንቅላት ሲሰነጠቅ ከጠንካራ እንጨት ቀርጸው አስገቡ። የበሩ እጀታ ሲወልቅ እንዲሁ። የፊተኛው መሳቢያ ክዳኑ ሲጠፋ የቁም ሳጥን መሳቢያ የመሰለ፣ ቁልፍ ያለው፣ በደንብ የተወለወለ ክዳን ሠሩላት። እያደር መኪናዋ በግማሽ ጎኗ የቤት ዕቃ ሆነች። “ዕድሜ ከሰጠኝ አልጋ አደርጋታለሁ” ይሉ ነበር አሉ። ዕድሜው አልተሰጣቸውም።

እሳቸው ካለፉ በኋላ መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ቅጠል ረገፈባት፤ ድመት ከሥሯ ወለደች። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ዞር ስትል፣ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጡና በሩን በዚያ በእንጨት እጀታ ከፍተው ከሹፌሩ ወንበር ጎን ይቀመጣሉ። መስታወቱን ዝቅ ያደርጋሉ። ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ያያሉ። ፊት ለፊታቸው ያለው ልብስ የተሰጣበት ገመድ ነው፤ ከገመዱ ጀርባ ግድግዳ። አንሶላው በነፋስ እየተነፋ ሲነሳና ሲወድቅ ግን፣ ለረጅም ጊዜ ካዩት፣ የሚሄደው አንሶላው ይሁን መኪናዋ መለየት ያቅታል። እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸዋል። ሲነቁ የት እንደደረሱ እንደሚጠይቅ መንገደኛ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ልጃቸው፣ የተኳሹ ሚስት፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ባየቻቸው ቁጥር ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ለመደችው። “እማማ የት ናቸው?” ሲባል “መንገድ ላይ ናቸው” ማለት የቤቱ ቋንቋ ሆነ።

ታዲያ የግቢው ባለቤት እዚያ ጥግ ላይ ክፍል ሊሠሩ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። “ሰኞ ጠዋት ግንበኞቹ ይመጣሉ። መኪናዋ በራሷ ጎማ ከወጣች ትውጣ፤ ካልወጣች አሮጌ ብረት ሰብሳቢው ጎትቶ ይውሰዳት” አሉ። ተኳሹ የልብስ ማጠቢያችንን ባለቤት ከኋላ ባለው ጥላ ሥር እንድታስቆምለት ለመናት። “እየሠራች ከመጣች ትቁም። ሬሳ ግን አላስገባም” አለችው። ነገሩ ሁሉ ሞተሩ መነሳት ላይ ወደቀ። ለአማቱ ግን ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። ተኳሹ ለሚስቱ “እኔ እነግራቸዋለሁ” ብሎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አፉ ድረስ እየመጣ ይመለስበታል።

ጎረቤቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድምፁ እንደ ጡሩምባው ሰፊ፣ ልቡም እንደዚያው። ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቶ አየለትና “ባትሪ እኔ አውስሃለሁ። ቤንዚንም አሮጌውን ቀድተን አዲስ እንጨምራለን። ሌላው ደህና ነው፤ ይቺ ናት የገደለቻት” ብሎ የደረቀች የተበጠሰች የጎማ ቀበቶ መዘዘ። ቺንጋ ይሏታል፤ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውን አብራ የምታዞረው እሷ ናት። “ይህችን አንዲት ብሎን ታላላለህ፤ ዲናሞውን ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጋለህ፤ አዲሱን ቺንጋ ታጠልቃለህ፤ ሳብ አድርገህ መልሰህ ታጠብቃለህ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው።”

እሑድ ተኳሹ ሥራ የለውም። ከምሳ በኋላ አዲሱን ቺንጋ አንገቱ ላይ አጥልቆ ኮፈኑን ከፈተ። ሹፌሩ ከተወለት መፍቻዎች መካከል የሚገጥም የመሰለውን አነሳ። ትንሽ ይሰፋ ነበር። እሱ ደግሞ ትንሽ የሰፋ ነገር የሚያስጨንቀው ሰው አይደለም፤ ስንት የሰፋ ሸሚዝ በካውያው ሥር ልክ ሆኖ ሄዷል። ተጫነው። ብሎኑ ወይ ፍንክች። ጥርሱን ነክሶ ጨመረበት። ድንገት እጁን ቀለለው፤ ልቡም ተፈታ ብሎ ዘለለ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ የተፈታ ነገር የለም። የብሎኑ ራስ ጠርዙ ሁሉ ተበልቶ፣ እንደተመጠጠ ከረሜላ ክብ ሆኗል።

በዚህ መሃል አማቱ መጥተው ቦታቸውን ይዘው ነበር። የተከፈተው ኮፈን ፊታቸውን ስለጋረደባቸው እሱን አያዩትም፤ እሱም አያያቸውም።

“ልጄ፣ እንዴት ነው?” አሉት ከኮፈኑ ወዲያ።

“እየሄደ ነው እማማ።”

“አትቸኩል። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።”

መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። ከኮፈኑ ወዲህ የተላጠ ብሎን፣ ከኮፈኑ ወዲያ ምንም የማይጠይቁ ሴት። ነፋሱ አንሶላውን አንስቶ አስቀመጠው።

የሹፌሩ ራስ በግድግዳው ላይ ብቅ አለ። “ሻይህ ቀዘቀዘ እንዴ?”

“ራሱ ተላጠ” አለ ተኳሹ በሹክሹክታ።

“ምን?”

“ቀስ በል፣ ይሰማሉ።”

ሹፌሩ በበሩ ዞሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና የብሎኑን ራስ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እጁን ተኳሹ ትከሻ ላይ አደረገ። “ወንድሜ፣ ይሄንንም ተኮስከው እኮ። አንዲት መስመር አላስቀረህለትም።”

በፒንሳ ሞከሩ፤ ፒንሳው ተንሸራተተ። ሹፌሩ “መሮ ላምጣና በመዶሻ ልበለው” አለ።

“ቢሰበርስ?”

“ከተሰበረማ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ብረት ሰብሳቢውን ራሴ ነኝ የምጠራልህ።”

“እንግዲያው ተወው።”

ተኳሹ የአናጺውን የብረት መጋዝ ከመጋዘን አምጥቶ በብሎኑ ራስ ላይ መስመር መቁረጥ ጀመረ። ካቻቪቴ የሚገባበት ስንጥቅ ከተገኘ እንደ ቪዳ ይዞራል ብሎ ነው። መጋዙ በቀስታ ይሄዳል ይመለሳል። ከሰዓት በኋላው ያው መጋዙ ነው የሚመስለው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የማይታይ ብናኝ ይጥላል። አማቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ትንፋሻቸውና መጋዙ አንዳንዴ ይገጣጠማሉ።

ሚስቱ የደረቀ ልብስ ልታነሳ ወጣች። እቅፏ እስኪሞላ ሰበሰበችና አጠገቡ መጥታ ቆመች።

“አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው? ንገራቸውና ይውጣልን።”

“አንቺ ንገሪያቸው።”

“የሞተው እኮ የኔ አባት ነው። እኔ በምን አፌ?” አለችና በነጻው እጇ የመኪናዋን ጎን ዳበስ አድርጋ፣ ደህና ነሽ እንደሚባል ዓይነት፣ ሳትሄድ ቀረች።

ስንጥቁ ወጣ። ካቻቪቴው ገባ። ተኳሹ ሁለት እጁን አጣምሮ ሲያዞር ግን ብሎኑ አልዞረም፤ የስንጥቁ ከንፈር መታጠፍ ጀመረ። ትንሽ ቢጨምር ያም ይሄዳል። እጁን አነሳ። እጅ እግሩ የተሳሰረ መሰለው።

“ዝጎ አይደለም” አለ ሹፌሩ አገጩን እያከከ። “ዝገት አይታየኝም። ምን ነካው ታዲያ? ብረት ሲሞቅ ይፍታታል፤ ጋራዡ ግን ዛሬ ዝግ ነው። እሳት የሚተፋ ነገር የለህም?”

ተኳሹ አሰበ። “ካውያ አለኝ።”

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። “ኮሌታ እኮ የለውም።”

ሚስቱ ግን ካውያውን አመጣች፤ ገመዱን በመስኮት አሾልካ ሰካችው። ተኳሹ እስኪግል ጠብቆ ጫፉን የብሎኑ ራስ ላይ አሳረፈ። ለእጁ እንግዳ አልነበረም፤ በሸሚዝ ቁልፎች መካከል እንደሚያስገባው አድርጎ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን ጭስ ተነሳ። ሽታው የዘይት አልነበረም። እርጥብ ቆዳና የተለበለበ ቀንድ የመሰለ፣ ከታቹ ግን ጣፋጭ ነገር ያለው፣ አሮጌ ሽታ ነው። በመስኮቱ በኩል ወደ መኪናዋ ገባ።

አማቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “መጣ እንዴ?” አሉ።

ሦስቱም ተያዩ። “ማን እማማ?” አለ ተኳሹ።

“ኮላ አፍልቷል እኮ። አይሸታችሁም?”

ሚስቱ ልብሱን አቅፋ እንደቆመች ፊቷ ተለወጠ። ሽታውን ያን ጊዜ አወቀችው። አናጺው የሚጠቀሙት ያን የዱሮውን ኮላ ነበር፤ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር፣ በቆርቆሮ ተደርጎ ፍል ውሃ ላይ የሚሟሟውን። ልጅነቷ ሁሉ እሱን ይሸት ነበር።

አማቱ ፀሐይዋ ሳትገባ ከመኪናዋ ወርደው አያውቁም። ያን ቀን ወረዱ። ኮፈኑን ዞረው መጡና በብሎኑ አንገት ዙሪያ ያረረ ስኳር የመሰለ ቡናማ ነገር በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሚስቱ የሚያለቅሱ መስሏት ልብሱን ጥላ ልትይዛቸው ነበር። እየሳቁ ነው።

“ይሄ ሰውዬ” አሉ። “ይሄ ሰውዬ ሞተሩንም የወንበር እግር አደረገው።”

“በኮላ?” አለ ሹፌሩ። “ብሎን በኮላ?”

“እንዴት ትጮህ እንደነበር ረሳችሁት?”

“ኧረ ማን ይረሳል። ገና ከመታጠፊያው ሳለች ጋሼ መጡ እንል ነበር።”

“ይህችው ብሎን ናት። በንቅጥቅጡ እየላላች ቺንጋው ይንሸራተታል፤ እንደታነቀ ፍየል ትጮሃለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። አንድ ቀን እንግዳ ይዘን አዋረደችኝና፣ ይሄን ጩኸት ካላስተውክ ሁለተኛ ከጎንህ አልቀመጥም አልኩት። ሲናደዱ የሚባል ነገር ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ሰማኝ።” የኮላውን ፍርፋሪ በጣቶቻቸው መካከል እያሹ ቆዩ። “ከዚያ አንድ ምሽት እጁን እየታጠበ፣ አሁን እስከ ወዲያኛው አትላላም፣ ነገ ትሳፈሪያለሽ አለኝ። ምን አድርገህ ብለው፣ አልነግርሽም አለኝ።”

ያን ነገ ሁሉም ያውቁታል። በዚያ ነገ አናጺው ከእንቅልፋቸው አልተነሱም።

ተኳሹ ካውያውን እንደያዘ ብሎኑን እንደገና አየው። ከዚያ፣ ሳምንቱን ሙሉ አፉ ላይ ሲመላለስ የነበረው ነገር፣ ሳይጠራው ወጣ። “እማማ፣ ነገ ጠዋት ካልተነሳች ይወስዷታል።”

“አውቃለሁ ልጄ።”

“ማን ነገረዎት?”

“መስኮቴ ክፍት ነው እኮ። በዚህ ግቢ የሚወራው ሁሉ በጎኔ ነው የሚያልፈው።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“አንተ ልትነግረኝ ስትታገል አያለሁ። ቃሉ ራሱ ይምጣልህ ብዬ ነው።” ከዚያ ካውያውን ገፋ አደረጉት። “ይሄን ደረቁን አትጫነው፤ ኮላው ካረረ ከድንጋይ ይብሳል። እሱ የወንበር እግር ሲያወልቅ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ነበር የሚያሞቀው። ላብ ላብ እስኪለው ይጠብቃል። አይታገልም።”

“እርጥብ ጨርቅና ካውያ?”

“የአንተው ሥራ አይደል እንዴ?”

ሚስቱ ከእቅፏ ንጹሕ የትራስ ልብስ መዝዛ ነክራ ሰጠችው። እሱ አራት አጥፎ ብሎኑ ላይ ጠመጠመና ካውያውን አሳረፈ። ጨርቁ ሽሽ አለ። እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ተነሳ፤ ሲደርቅ ያርሰዋል፣ ሲርስ ይተኩሰዋል። ሽታው ግቢውን ሞላው። እንፋሎቱ ከአንሶላዎቹ ጋር ተደባልቆ፣ ማን የት እንደቆመ ያስረሳል። ተኳሹ እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ከእንፋሎቱ ወዲያ በመላጊያ እንጨት የሚልግ ሰው ያለ መስሎት ነበር፤ ዘወር ቢል የሚጠፋ ስለመሰለው ዘወር አላለም። ሹፌሩ እንኳ፣ ያ ባለ ጡሩምባ ድምፅ፣ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። አማቱ አንድ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ቆመዋል።

“ተመልከት” አሉ በመጨረሻ።

ከብሎኑ አንገት ሥር አንዲት ቡናማ ጠብታ ወጥታ፣ ተንጠልጥላ፣ ወረደች።

ተኳሹ ካቻቪቴውን ስንጥቁ ውስጥ አስገባ፤ ሹፌሩ የብሎኑን አንገት በፒንሳ ያዘለት። አልታገሉም። ብሎኑ አልጮኸም፣ አልተንቋቋም። እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ ወደ ሌላ ጎኑ ሲገላበጥ እንደሚሆነው፣ ለስለስ ብሎ ዞረ።

ቺንጋው ገባ። ዲናሞው ተሳበ። ሌላ የሚሆን ብሎን ስላልነበረ ያንኑ ባለ ስንጥቁን አጥበው መለሱት፤ ሹፌሩ ከኪሱ ቀለበት የመሰለች ሮንዴላ አውጥቶ ከሥሩ አደረገለት፣ እንዳይላላ። አማቱ በዚህ መካከል ወደ ውስጥ ገብተው ከአናጺው ሳጥን የደረቀ የኮላ ቁራጭ ይዘው መጡ።

“ትንሽ ነካ አድርጉበት” አሉ።

“እማማ በሞትኩት” አለ ሹፌሩ፤ “ነገ ደግሞ እንደገና እንዲህ ልንውል ነው? ሮንዴላዋ ትበቃለች።”

አልተከራከሩም። ቁራጯን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ገቡ። ፀሐይ ገብታ ነበር። ባትሪው ያለው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ስለሆነ ጠዋት ይመጣል ተባለ። ትነሳ አትነሳ እንግዲህ ማን ያውቃል። ሁሉም ያን ጥያቄ ይዞ ተኛ።

በማግስቱ ተኳሹ ከሁሉም ቀድሞ ነቃ። ያቺን የኮላ ቁራጭ በቆርቆሮ አድርጎ ፍል ውሃ ላይ አሟሟት። ኮፈኑን በቀስታ ከፍቶ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከረ፣ እሱ ራሱ በመጋዝ የቆረጠውን ስንጥቅ ሞላው። ምንም አይዝም፤ ምንም አያጠብቅም፤ ያውቃል። አናጺ የጫረውን ጭረት ሳይሞላ ሥራውን አያስረክብም ብሎ ነው። በአውራ ጣቱ ጠርጎ አስተካከለው። ሹፌሩ ባትሪውን ታቅፎ ሲመጣ ሽታውን ሳይሰማ አልቀረም፤ እንዳልሸተተው ሆኖ ባትሪውን መግጠም ጀመረ።

ግንበኞቹ አካፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አማቱ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው መጡና በጠዋት፣ ያለ ሰዓታቸው፣ ቦታቸው ተቀመጡ። ሚስቱ ከኋላ ገባች። ተኳሹ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ ሳለች። ዝም አለች። እንደገና አዞረ። ሳል ሳል አድርጋ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ጣሪያዋ ላይ የከረመውን ቅጠል ሁሉ አራግፋ ተነሳች። ግንበኞቹ መንገድ ለቀቁ። ከበሩ ሲወጡ አማቱ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ።

“አትጮህም” አሉ።

“አትጮህም እማማ።”

እኔ ያን ጊዜ ጠረጴዛዬ አጠገብ ነበርኩ። በመስኮቱ አየኋቸው። ባለቤታችን ጥላውን ልታሳየው በኋላ በር ወጥታ ቆማለች፤ የሚተኮሱት ሸሚዞች ተከምረዋል። መኪናዋ በቀስታ መጣች፤ አማቱ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ፊት ለፊት ያያሉ። በራችን ጋ ስትደርስ ተኳሹ ወደ እኔ አየና በእጁ “ትንሽ ቆዩኝ” የሚል ምልክት አሳየኝ። ከዚያ ሳይቆም፣ መንገዱን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ።